ሻሽ የሌላት ጠገራ

ኢንስፔክተር በዛወርቅ ከግራዝማች አስፋው ግቢ ስትደርስ የሰፈሩ ሰው ግማሹ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እስክንድር የሚባለው ሰው እንሰቱ ዳር ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ተዘርሯል። የሚያለቅስለት አልቀረም፤ ባልደረባውን ፖሊስ ቀድሞ ወስዶታል። የግራዝማቹ ልጆች፣ እህትና ወንድም፣ ከጉድጓዱ ወዲህና ወዲያ ቆመው ሬሳውን አሻግረው ይሰዳደባሉ።

«ገዳዩ አንተ ነህ!» ትላለች በላይነሽ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንዳሰረች። «ትናንት ‹ከዚህ ግቢ በእግርህ አትወጣም› ስትለው አገር ሰምቷል!»

«ማን ነው ያመጣው? የአባቴን ጓሮ የጫካ አሳማ እንደገባበት ያስፈነቀልሽው አንቺ! ደሙም በአንቺ ራስ ላይ ነው!» ይላል ወልደ ጊዮርጊስ።

«ሁለታችሁም ዝም በሉ!» አለች በዛወርቅ። «መሰዳደብ ካማራችሁ መንገዱ ሰፊ ነው። እዚህ ሰው ሞቷል።»

ወልደ ጊዮርጊስ ዞር ብሎ ከእግር እስከ ራሷ ገረመማት። «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

«ሬሳው እስኪነሳ ድረስ የዚህ ግቢ አዛዥ ነኝ። ‹አንቺ› የሚሉትን ደግሞ ለቤትዎ ያቆዩት።»

በዛወርቅ እንሰት አብቃይ በሆነችው ደካ ተወልዳ ያደገች፣ ቁመቷ አጭር፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። የዞኑ ፖሊሶች ምላሷ ከካቴናዋ ይበልጥ ይጠብቃል እያሉ ያሟታል። ሐሜት ብቻ ነው ብሎ መከራከር ግን ይከብዳል።

ሰውን ሁሉ ከአጥር ካስወጣች በኋላ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። ጥልቀቱ ወገብ ይደርሳል። እስክንድር በጀርባው ነው የወደቀው፤ ግንባሩ ከጸጉሩ ሥር ተሰንጥቋል። ጀርባው ደም የነካ ዶማ አጠገቡ ተጥሏል። ቀኝ እጁ ተዘርግቶ፣ በግማሽ በታጠፉት ጣቶቹ መካከል አረንጓዴ ዝገት የበላው ትልቅ ክብ ብር ይታያል። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ ጥፍሮቹ ታጥበዋል። ከጉድጓዱ ጫፍ ሣሩ ሰው ተቀምጦበት ተኝቷል፣ ከዚያ በታች በእርጥቡ አፈር ላይ ሁለት የተረከዝ ምልክቶች አሉ። ብረት የሚፈልግበት ማሽን ደግሞ ከነጆሮ ማዳመጫው በከረጢቱ ተሸክፎ ጎተራው ግድግዳ ላይ ተደግፏል።

«ሲቆፍር ነው የመቱት» አለ አብሯት የመጣው ሳጅን።

«ምኑን ሲቆፍር? ማሽኑ ታሽጓል፣ እጁ ታጥቧል። ሰውየው እግሩን ወደ ጉድጓዱ ለቆ ተቀምጦ ነበር። የመታው ሰው ከጉድጓዱ ወዲያ ፊት ለፊቱ ቆሟል፤ እሱም ቀና ብሎ እያየው ነበር። ተቀምጦ ቀና ያለን ሰው ለመምታት ጉልበት አያስፈልግም። ዶማው ራሱ ይበቃል።»

ነገሩ የተጀመረው በቤቱ ነው። ግራዝማች አስፋው ከሰሜን የመጡ የሹም ልጅ ነበሩ። መሬት ላራሹ ሲታወጅ አንድ እንስራ ሙሉ ጠገራ ብር ግቢያቸው ውስጥ ቀብረዋል ይባላል፤ የት እንደሆነ ግን ሳይናገሩ ሞቱ። በላይነሽ ከዚያ ቤት ወጥታ አታውቅም፤ አባቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመች እሷ ናት፣ ሌላ መጠጊያም የላትም። ወልደ ጊዮርጊስ ሺሺንዳ የሚነግድ፣ ቤቱ ተሽጦ ድርሻው እንዲሰጠው የሚፈልግ ሰው ነው። ገዢም ተገኝቷል፤ ፈለቀ የሚባል ባለሆቴል። በጋሽ ገሠሠ የሚመሩት ሽማግሌዎች ታዲያ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ የአባታቸው ብር ከተገኘ በላይነሽ በድርሻዋ የወንድሟን ግማሽ ትግዛና ቤቱን ታስቀር፤ ካልተገኘ ይሸጥ። በላይነሽም ዲማ ላይ ወርቅ ሲፈልጉ የነበሩትን እስክንድርንና ባልደረባውን ኤሊን ከነማሽናቸው አስመጣች።

ሐሙስ ዕለት ማሽኑ እንሰቱ ዳር ጮኸ። እስክንድር ሽማግሌዎቹ እያዩት ቆፍሮ ያቺን ብር አወጣ። በላይነሽ እልል አለች። ወልደ ጊዮርጊስ ተሳደበ፣ ዛተ። ጋሽ ገሠሠም ግቢው ተፈትሾ እስኪያልቅ ብሩ እስክንድር ጋ ይቆይ፣ ሽያጩም ይቁም አሉ። ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እስክንድር ሞቶ ተገኘ።

ያገኘው ፈለቀ ነበር። በዛወርቅ በረንዳው ላይ አስቀምጣ ጠየቀችው።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ የገደልኩት ግን እኔ አይደለሁም። እንዲህ ብለሽ ጻፊ» አለ።

«ጽሑፉን ለእኔ ይተዉት። በጓሮ በር ለምን ገቡ?»

«በፊት ለፊት ብመጣ ሴትየዋ ውሻ ትለቅብኛለች። ሽያጩ ቆመ ሲሉኝ ላነጋግራት፣ ልለማመጣት ነበር የመጣሁት።»

«ብሩን እጁ ላይ አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ግዢዎን ያበላሸው ብሩ ነው። ለምን ኪስዎ አልከተቱትም?»

«እውነቱን ልንገርሽ? ሬሳውን እንዳየሁ ጮህኩ። አእምሮዬ የተመለሰልኝ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ነው።»

ወልደ ጊዮርጊስ እንኳን ሊለማመጥ መቀመጫውንም አልተቀበለም። ቆሞ ነው የመለሰላት።

«መኪናዬ ውስጥ ስልክ ሳወራ ነበር። ማንም አላየኝም። ምን ይጠበስ?»

«‹በእግርህ አትወጣም› ብለውታል።»

«ብዬዋለሁ። ዛሬም እላለሁ። አጭበርባሪ ነው! አባቴ ብር ቢኖራቸው ኖሮ እኔ ሺሺንዳ ላይ ጆንያ ተሸክሜ አልጀምርም ነበር። ይልቅ ጓደኛውን ይዛችሁት የለ? ሌሊቱን ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። እሱን ክሰሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

«‹ቤትዎ› ነው የሚባለው» አለች በዛወርቅና ደብተሯን ዘጋች።

በላይነሽ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ እጆቿን ታፋተጋለች። ከበላይዋ ግድግዳው ላይ የእናቷ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ጥቁር ካባ የለበሰች፣ አንገቷ ላይ ትልልቅ ብሮች የደረደረች ሴት።

«ማድቤት ነበርኩ። ፈለቀ ሲጮህ ነው የወጣሁት» አለች። «ብሬን ያገኘልኝን ሰው ምን ብዬ እጠላዋለሁ? የሞተው የእኔ ቤት ነው፣ ልጄ። ይሄ ሰው ባይሞት ኖሮ ቤቴ ይቀርልኝ ነበር። ወንድሜ ይህን ያውቃል።»

«እስክንድርን ጠዋት አላነጋገሩትም?»

«ደህና አደርክ ከማለት በቀር ምንም።»

ኤሊን ያገኘችው በፖሊስ ጣቢያው ነው። የቢታ ገነት ልጅ ነው፤ አማርኛው ከካፊኖኖው በኋላ የመጣ በመሆኑ ቃል እየመረጠ ይናገራል። ፖሊስ እስኪደርስለት ድረስ ሰፈርተኛው እንደ ሌባ ሲቀጠቅጠው ስለነበር ከንፈሩ አብጧል።

«ገዳይ አሉኝ። እንግዳ ስለሆንኩ ነው» አለ።

«ሌሊት ለምን ተጣላችሁ?»

«ማሽኑን ሸከፈ። ‹ነገ እንሄዳለን› አለኝ። እኔ እምቢ አልኩ። ብሩ ተገኝቷል፤ ሌላውም አለ። ለምን እንሄዳለን? እሱ ግን ‹እዚህ ግቢ ምንም የለም› አለ። ብሩን በሎሚ ጫፉን አሽቶ ደጋግሞ አየው። ከዚያ ተኛ።»

«ለምን እንደሆነ አልነገረህም?»

«አልነገረኝም። እኔ ሰደብኩት።» ኤሊ ፊቱን አዞረ። «መጨረሻ የነገርኩት ስድብ ነው።»

ጋሽ ገሠሠ ደግሞ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጠዋት እስክንድር ስልክ ደውሎ ከምሳ በፊት ሊያገኛቸው እንደሚፈልግ ነግሯቸዋል።

«ይህን ለሰው ነግረዋል?»

«ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በላይነሽን አግኝቻት ‹ያ ልጅ ሊያየኝ ይመጣል› አልኳት። ሌላ ለማንም አልተናገርኩም። ዘግይቶብኝ ስጠብቀው ሞተ አሉኝ።»

በዛወርቅ ብሩን ይዛ ወደ ዞኑ ባህል ቢሮ ሄደች። የቅርስ ባለሙያዋ ማርቲ ገና በሩ ላይ ተቀበለቻት፤ አቀባበል ከተባለ።

«ማሽን ይዘው በየጓሮው ሲቆፍሩ ፖሊስ የት ነበር? ሬሳ እጅ ላይ ሲገኝ ነው እኛ ትዝ የምንላችሁ?»

«ሌባ ስንይዝ ነበር። አሁን ይቺን እዪልኝና ከዚያ በኋላ እንደልብሽ ትሰድቢኛለሽ።»

ማርቲ ብሩን መዘነችው፣ በመስመሪያ ለካችው። ከዚያም በተጣራ ውሃ እያረሰች አረንጓዴውን በእንጨት ስንጥር ቀስ ብላ መላጥ ጀመረች። እየቆየች ንዴቷን ረሳችው።

«መጠኗም ክብደቷም የጠገራ ነው» አለች። «ብር ናት። አረንጓዴውን ያወጣው ብሩ ውስጥ የተቀላቀለው መዳብ ነው። ግን ይሄ ዝገት መሬት ውስጥ የከረመ አይደለም። ዱቄት ነው፣ ሥር አልሰደደም። የእኛ ቀይ አፈር ደግሞ ፊደል ውስጥ ከገባ ቶሎ አይለቅም። እዚህ ላይ ላዩን ብቻ ነው ያለው። ይቺን አንድ የሚኮመጥጥ ነገር ነው የበላት፣ ያውም በሳምንታት ውስጥ።»

«ይቺ ክር ምንድን ናት?»

ማርቲ ከዝገቱ ሥር አንዲት ስስ ነጭ ክር በወረንጦ መዝዛ አወጣች። «የተክል ቃጫ ናት። የምን እንደሆነ አላውቅም።»

በዛወርቅ ብሩን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«ማስረጃ ያሸታል እንዴ ሰው?» አለች ማርቲ።

«ደካ ያደገ ሰው ያሸታል። ቀጥዪ።»

ብሩ ላይ የተቀረጸችው ሴት መልክ እየወጣ መጣ። ማርቲ አጉሊ መነጽሯን አስተካክላ አየችና ሳቀች። «ጠገራ አይደለችም! ጠገራው ላይ ያለችው የፈረንጅ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ ራሷን ሸፍናለች። ሻሽ አላት። ይቺ ሻሽ የላትም፤ ጸጉሯ ተለቋል፣ ዘውድ አድርጋለች። ይሄው፣ የኢጣሊያ መንግሥት ይላል፤ 1918 በፈረንጆች። ኢጣሊያ ኤርትራን ይዛ በነበረ ጊዜ ጠገራውን ልትተካበት ያሠራችው ነው። ገበያው ግን እምቢ አለ። ሰዉ የለመዳት ሻሽ ያላትን ነው። ይቺን ይዞ የሄደ ሰው በቅሎ ቀርቶ ጨው አይሸጡለትም ነበር።»

«ታዲያ እጁ ላይ ስትቀርበት ምን ያደርጋታል?»

«ያቀልጣታል፤ ወይም ሌላ ነገር ይሠራባታል። ጠርዟ ላይ ደግሞ ይሄን እይው። እዚህ ጋ የሆነ ነገር ተበይዶባት ነበር፤ በሞረድ ተፍቋል።»

በዛወርቅ መነጽሯን አጥልቃ ጠርዙን ረጅም ጊዜ አየችው። «እንግዲህ አሁን ስደቢኝ» አለች በመጨረሻ።

«ይቅርብኝ» አለች ማርቲ።

በማግስቱ ጠዋት በዛወርቅ ወደ ግቢው ተመልሳ በቀጥታ እንሰቱ ውስጥ ገባች። ሳጅኑ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ምነው?»

«የቆጮ ጉድጓዱ እዚያ ጋ ነው መሰለኝ። ወንድ አይጠጋም» አለ ሳጅኑ አንገቱን እያሻሸ። «እናቴ ብትሰማ...»

«እናትህ ሸዋ ሆናም እዚህ ድረስ ታዝሃለች ማለት ነው። በል እዚያው ጠብቀኝ።»

ቆጮው የተቀበረበት ጉድጓድ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ድንጋይ ተጭኖበታል። በዛወርቅ ድንጋዮቹን አነሳች፤ ቅጠሉን በየድርቡ ገለጠች። ጎምዛዛው ሽታ ወጣ። ከጎን በኩል ካለው ድርብ አንዱን ቅጠል መዝዛ አየችው፣ አጥፋም በፌስታል ከተተችው። ከዚያ ሁሉንም እንደነበረ መለሰች፤ ድንጋዮቹንም በየቦታቸው። ከዚያ ወደ ሳሎን ዘልቃ ፎቶግራፉን ከግድግዳው አወረደች።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ጋሽ ገሠሠ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ወልደ ጊዮርጊስና ፈለቀ ጎን ለጎን፣ በላይነሽ ከእነሱ ርቃ፣ ኤሊ በካቴና በሳጅኑ አጠገብ፣ ማርቲ ደግሞ በሩ ላይ። ማንም ማንንም አላየም።

«ቶሎ በይ» አለ ወልደ ጊዮርጊስ። «ሺሺንዳ ሱቅ ዘግቼ ነው የመጣሁት።»

«ቶሎ ነው የምለው። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። ብሩ ሬሳው እጅ ላይ ለምን ቀረ? እርስዎ ቢገድሉት ኖሮ ትተውት አይሄዱም። ሽያጩን ያስቆመ እሱ ነውና ወንዝ ይወረውሩት ነበር። አቶ ፈለቀም እንዲሁ፤ ከመጮሃቸው በፊት ይሰውሩት ነበር።»

«ተመስገን» አለ ፈለቀ።

«ገና ነው፣ አይቸኩሉ። ኤሊስ? ኤሊ ለብር ብሎ ጓደኛውን የገደለ ከሆነ ብሩንም ማሽኑንም ይዞ መኪና ላይ ይወጣ ነበር። ማሽኑ ታሽጎ ለመንገድ ተዘጋጅቶለታል። ልጁ ግን ሬሳው ጋ ሲያለቅስ ነው ሰፈርተኛው የቀጠቀጠው። ስለዚህ ገዳዩ ብሩ እንዲገኝ የሚፈልግ ሰው ነው። ብሩ ሲገኝ የሚጠቀም ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

በላይነሽ ቀና አለች። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ብሩ ከግራዝማች እንስራ አልወጣም ማለቴ ነው። ማርቲ፣ ንገሪያቸው።»

ማርቲ በአጭሩ ተናገረች፤ ሻሽ ስለሌላት ሴት፣ ስለ 1918፣ ገበያው እምቢ ስላለው ብር። ጋሽ ገሠሠ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አውቃለሁ። አባቴ ‹ዘውዳሟ› ይሏት ነበር። አይቀበሏትም።»

«ግራዝማች ግብር ሰብሳቢ የነበሩ ሹም ልጅ ናቸው» አለች በዛወርቅ። «ገበያ የማይቀበለውን ብር ለክፉ ቀን አይቀብሩም። የማይገበያዩበት ብር እንስራ አይገባም፤ ሴት አንገት ላይ ነው የሚሰቀለው። ጠርዟ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶባት ነበር፤ በሞረድ ተፍቋል። ደግሞ መሬት ውስጥ አልከረመችም፤ ፈላጊዎቹ ሊመጡ ሲሉ ነው የተቀበረችው። ከዚያ በፊት የከረመችው የቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሽታው አለባት፣ የእንሰት ቃጫም ከዝገቱ ሥር ወጥቷል። ይሄ ቅጠል ደግሞ ዛሬ ጠዋት ከጉድጓዱ ያወጣሁት ነው።»

ፌስታሉን ከፈተች። በቅጠሉ ላይ የብሩን ያህል የሆነ አረንጓዴ ክብ ታትሟል።

«ማንም ያደርገዋል!» አለች በላይነሽ።

«ማን ያደርገዋል፣ እትዬ? የእኔ ሳጅን ጠመንጃ ይዞ እንኳ እንሰቱ ጫፍ ላይ ቆመ። ወንድምዎ አገሩን ሁሉ ቢሳደቡም የቆጮ ጉድጓድ አይከፍቱም። ደግሞስ ማን ነው በየጊዜው ቅጠሉን የሚቀይር? ወንድ እጁን ቢያስገባ ድርቡ ሲዛነፍ ያዩት ነበር። ለእርስዎ ግን ያ ጉድጓድ የራስዎ ሳጥን ነው፤ ማንም ስለማይከፍተው አስተማማኝ መሰለዎት። እዚያ ውስጥ መግባት የሚችል አንድ ሰው ብቻ መሆኑን አላሰቡትም።»

በዛወርቅ ብሩን አንስታ ወደ ወልደ ጊዮርጊስ ዘረጋች፤ ከዚያ ፎቶግራፉን አጠገቡ አቆመች።

ሰውየው ብሩን ሲቀበል ሊሳደብ አፉን ከፍቶ ነበር። አገላበጠው። ድምፁ ሲወጣ ሌላ ሰው ሆነ።

«የእማዬ ናት። መሃል ላይ የነበረችው። ስታዝለኝ... በጥርሴ እነክሳት ነበር።» እህቱን አየ። «የእማዬን የአንገት ጌጥ ፈታሽው?»

«አዎ፣ ፈታሁት!» በላይነሽ ብድግ አለች። «ማን ጠየቀኝ? አባቴን ከአልጋ አንስቼ ሳጥብ የት ነበርክ? ከቀበርነው ወዲህ ለቅሶውን እንኳን ሳትጨርስ ገዢ ይዘህ መጣህ። ያለኝ የእናቴ አንገት ነው፤ እሱን ሰጠሁ። ቤቴን እንዳትወስድብኝ! የምፈልገው ጊዜ ነው። ፍለጋው ይቀጥል፣ እኔም እዚሁ ልሙት ብዬ ነው። ምን አጠፋሁ?»

«ሰው ገድለሻል» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

ሴትየዋ እንደ ተቀጠቀጠ ሰው ተቀመጠች። ስትናገር ድምፏ ወርዶ ነበር።

«ገብቶት ነበር። ጠዋት አይኑን ሲያሸሽብኝ አወቅሁ። እርስዎ ደግሞ ‹ሊያየኝ ይመጣል› አሉኝ። ሊያጋልጠኝ ነው አልኩ። በሰፈሩ ፊት፣ በዚህ ፊት» ወንድሟን በአገጯ ጠቆመች። «ወደ ጓሮ ስወጣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል። ብሩን ይዞ እጁን ዘረጋልኝ። እንዲህ አድርጎ። ‹እትዬ› አለ። ሌላ እንዲናገር አልጠበቅሁም። ዶማው እዚያ ነበር።»

ኤሊ ካቴናውን እያንኳኳ ተነሳ። ሳጅኑ ሊይዘው ሲል በዛወርቅ ተወው አለችው።

«ለምንድን ነው ማሽኑን የሸከፈው?» ስትል በዛወርቅ ሴትየዋን ጠየቀች። «ልብሱን ቀይሮ፣ እጁን ታጥቦ? የሚያጋልጥ ሰው ብሩን ይዞ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ይሄ ሰው ግን ጠርዙን በሎሚ አሽቶ የሞረዱን ምልክት ሲያይ የአንገት ጌጥ መሆኑ ገብቶት ብሩን ይዞ ወደ እርስዎ መጣ። እርስዎ ብቻዎን ሲሆኑ፣ ማንም በሌለበት። እጁን የዘረጋው ሊሰጥዎት ነው።»

«ውሸት ነው» አለች በላይነሽ።

«ውሸት አይደለም» አለ ኤሊ። «ሲተኛ ‹የሰው ሐዘን ነው፣ አንነካካው› አለ። የማን ሐዘን አልኩት። ‹አንተ ዝም በል፣ ነገ እመልስላታለሁ› አለ። እኔ አልገባኝም ነበር። እሷን ነው ያለው። አሁን ገባኝ።»

በላይነሽ ወደ ጋሽ ገሠሠ ዞረች። «እርስዎን ሊያይ ነበር እኮ። ለምን ነው ታዲያ?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «መናኸሪያ ድረስ እንድሸኘው ነው የለመነኝ። ‹ሰውየው ዝቶብኛል፣ እርስዎ አጠገቤ ካሉ አይነካኝም› አለኝ። በሰላም ወጥቶ እንዲሄድ ብቻ ነው የፈለገው። ስለ ብሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም።»

ወልደ ጊዮርጊስ ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ፊቱን ወደ እንሰቱ አዞረ።

«ጋሽ ገሠሠ» አለች በላይነሽ። «ጠዋት ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝም፣ ልጄ። ሰላምታዬንም ሳትመልሺ ነው ወደ ቤት የሮጥሽው።»

በላይነሽ መዳፏን እስክንድር እንደዘረጋላት ዘርግታ አየችው። በዛወርቅ ካቴናውን ከኤሊ እጅ ፈታችና ሴትየዋ እስክትነሳ ድረስ ጠበቀቻት።